«የኩላሊት ካንሰር» የሚለው ስም ብቻውን ለምን አይበቃም

ባለፈው ክረምት ከቢቸና አካባቢ የመጣ አንድ ወጣት የአባቱን የፓቶሎጂ (ከሰውነት የተወሰደ ናሙና ምርመራ) ውጤት ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በጋቢው ሥር ደረቱ ላይ ይዞ እኔ ወደምሠራበት ክፍል ገባ። የአባቱ ቀኝ ኩላሊት በቀዶ ሕክምና ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። «ዶክተር፣ አባታችን የኩላሊት ካንሰር ነው ተብለናል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ክሮሞፎብ የሚል ስም ተጽፏል። አንድ ዘመዳችን ደግሞ በስልክ ‹የክሮሞሶም ምርመራ ካልተሠራ ምኑም አይታወቅም› አለን። የትኛውን እንያዝ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ከደብረ ማርቆስም ሆነ ከሞጣ፣ ከቡሬም ሆነ ከዳንግላ ውጤት ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች አፍ አውጥተው ባይጠይቁትም በልባቸው ይዘውት የሚመለሱት ጥያቄ መሆኑን ከፊታቸው አያለሁ። መልሱ በር ላይ ተቁሞ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ለዚያ ወጣት ያስረዳሁትንና ጊዜ አጥሮኝ ያስቀረሁትን እዚህ በሰፊው ልጽፈው ወደድሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ከአንድ አካል ስለሚነሡ ብቻ በአንድ ስም የሚጠሩ፣ ነገር ግን መነሻቸው፣ ጠባያቸውና የሚታከሙበት መንገድ የተለያየ ብዙ የኩላሊት ዕጢዎች መኖራቸው ነው። እነዚህን ለመለየት ሁለት ዋና ምስክሮች አሉን። አንደኛው የዕጢው ኅብረ ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ያለው መልክ ነው፤ ሁለተኛው በዕጢው ሕዋሳት ውስጥ ያሉት ክሮሞሶሞች፣ ማለትም የዘር መልእክት የተሸከሙት ክር መሰል አካላት፣ የደረሰባቸው መጉደል፣ መብዛት ወይም መቀያየር ነው። ሁለቱ ምስክሮች በአብዛኛው አንድ ቃል ይናገራሉ። መልኩን በሚገባ ያየ ባለሙያ ክሮሞሶሙ ላይ ምን እንደደረሰ ብዙ ጊዜ ሊገምት ይችላል፤ ቃላቸው በሚለያይበት ወይም አንዱ በሚያመነታበት ጊዜ ደግሞ ሌላው ይፈርዳል።

መልክ ብቻውን ሊያሳስት እንደሚችል የሙያው ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ፓውል ግራቪትስ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1883 የዚህን ዕጢ ቢጫነትና ስብ የሞላበት መሆኑን አይቶ፣ ከኩላሊት በላይ ከምትገኘው አድሬናል ከተባለችው ሆርሞን አመንጪ አካል ተርፎ ከቀረ ሕዋስ የበቀለ ነው ብሎ አሰበ። በዚህ አስተሳሰብ የተነሣ «ሃይፐርኔፍሮማ» የሚለው የተሳሳተ ስም ለረጅም ዘመን በሐኪሞች አፍ ቆየ። ዕጢው የሚነሣው ግን ከራሱ ከኩላሊት ቱቦዎች ነው። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ደም የሚያጣሩ ክፍሎች አሉ፤ ከእያንዳንዳቸው የተጣራው ውኃ የሚያልፍበት ቀጭን ቱቦ አለ። ከቱቦው መጀመሪያ አካባቢ የሚነሣው ካንሰርና ከመጨረሻው አካባቢ የሚነሣው ካንሰር መልካቸውም ጠባያቸውም አይመሳሰልም።

ከቀዶ ሕክምና ክፍል የመጣው ኩላሊት ለሁለት ሲሰነጠቅ ገና በዓይን ብዙ ይናገራል። ክሊር ሴል የተባለው ዕጢ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆኖ፣ እዚህም እዚያም ደም የፈሰሰበት ጠቆር ያለ ቀይ ምልክት ያለው ነው። ክሮሞፎብ የተባለው ገርጣ ያለ ቡናማ ነው። ኦንኮሳይቶማ የተባለው ደግሞ ጠቆር ያለ ቀይ ቡኒ ሆኖ፣ አንዳንድ ጊዜ መካከሉ ላይ እንደ ኮከብ የተዘረጋ ነጭ ጠባሳ ይታይበታል። ከዚያ በኋላ ከዕጢው የተቆረጡ ቁራጮች ናሙና እንዳይበሰብስ ከሚጠብቀው ፈሳሽ ከፎርማሊን ወጥተው በአልኮልና በዛይሊን ውስጥ ያልፋሉ፤ በቀለጠ የፓራፊን ሰም ይሞላሉ፤ ሰሙ ሲረጋም ከፀጉር እጅግ በቀጠነ ልክ እየተላጡ በመስታወት ላይ ይነጠፋሉ፤ በመጨረሻም ሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን በተባሉ ቀለሞች ይቀለማሉ።

ክሊር ሴል ማለት «ጥርት ያለ ሕዋስ» ማለት ነው፤ ጥራቱም ከዚሁ ሂደት የሚመጣ ነው። ሕዋሱ በሰውነት ውስጥ ሳለ በስብና ግላይኮጅን በተባለ የስኳር ክምችት የተሞላ ነበር፤ በዝግጅቱ ጊዜ ይህ ሁሉ ታጥቦ ይሄዳል፤ የሚቀረው ግድግዳውና ኑክለሱ፣ ማለትም ክሮሞሶሞቹን የያዘው የሕዋሱ እምብርት፣ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ማሩ ፈስሶ ያለቀለትን የማር እንጀራ ይመስላል፦ በሥርዓት የተደረደሩ ባዶ ክፍሎች፣ በመካከላቸውም እንደ መረብ የተዘረጉ ቀጫጭን የደም ሥሮች። እነዚህ የደም ሥሮች ለምን እንደበዙ የሚያስረዳው ክሮሞሶሙ ነውና ወደዚያ ልለፍ።

በእያንዳንዱ ጤናማ ሕዋስ ውስጥ 46 ክሮሞሶሞች አሉ። ይህን ቁጥር እንደ ቀላል ነገር እንጠቅሰዋለን እንጂ፣ ጆ ሂን ቲዮና አልበርት ሌቫን በስዊድን አገር እ.ኤ.አ. በ1956 ትክክለኛውን ቆጠራ እስካሳተሙ ድረስ የዓለም ተማሪዎች 48 ነው ተብለው ሲማሩ ኖረዋል። ክሮሞሶሞቹ 23 ጥንድ ሆነው የተቀመጡ ናቸው፤ ከጥንዱ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት ይመጣል። እያንዳንዱ ክሮሞሶም አጭርና ረጅም ክንድ አለው፤ አጭሩ «ፒ»፣ ረጅሙ «ኪው» ይባላል። በሪፖርት ላይ «የ3ፒ መጥፋት» ተብሎ ሲጻፍ የሦስተኛው ክሮሞሶም አጭር ክንድ ጠፍቷል ማለት ነው።

የጥንድን ነገር በእርሻ አገር ላደገ ሰው ለማስረዳት ከጥማድ በሬ የተሻለ አላገኘሁም። ከሁለት በሬዎቹ አንዱ የሞተበት ገበሬ መሬቱን ጦም አያሳድርም፤ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገብቶ ያርሳል። ሕዋስ ግን መቀናጆ የለውም። ከጥንዱ አንዱ ቅጂ ሲጠፋ የተረፈው ብቻውን ቀንበሩን ይሸከማል፤ ደግነቱ ብዙውን ጊዜ ይችለዋል፤ ስለዚህ አንዱ ቅጂ ብቻ የጠፋበት ሕዋስ ለዓመታት ምንም ሳይሆን ሊኖር ይችላል። የተረፈው ቅጂ ደግሞ በሌላ ጊዜ በሌላ ጉዳት ሲመታ እርሻው ይቆማል። አልፍሬድ ክኑድሰን እ.ኤ.አ. በ1971 የሕፃናትን የዓይን ካንሰር መርምሮ ያቀረበው «የሁለት ምት» አስተሳሰብ ይኸው ነው፤ በኩላሊት ላይ ደግሞ ከሁሉ በላይ ግልጽ ሆኖ የሚታየው በክሊር ሴል ነው።

በአዋቂዎች ላይ ከሚታዩት የኩላሊት ሕዋስ ካንሰሮች ከአራቱ ሦስቱ ያህል ክሊር ሴል ናቸው፤ ከእነዚህም ከመቶ ከ90 በላይ በሚሆኑት የሦስተኛው ክሮሞሶም አጭር ክንድ ጠፍቶ ይገኛል። ፍንጩ የታየው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ በአሜሪካ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ኩላሊታቸው በካንሰር የተያዘ ብዙ ዘመዳሞች ሲመረመሩ ሦስተኛውና ስምንተኛው ክሮሞሶሞቻቸው ቁራጭ ተቀያይረው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ በዚያው በሦስተኛው ክሮሞሶም አጭር ክንድ ላይ ቪኤችኤል የተባለው ጂን (በክሮሞሶም ላይ ያለ አንድ የዘር ትእዛዝ) ተለይቶ ታወቀ። የዚህ ክንድ መጥፋት የሚከፋበት ምክንያት የሚወስደው አንድ ጂን ብቻ ስላልሆነ ነው፤ ፒቢአርኤም1፣ ሴትዲ2 እና ባፕ1 የተባሉ ሌሎች ሦስት ጠባቂ ጂኖችም በዚያው ክንድ ላይ ተቀራርበው ስለሚገኙ አንድ ስብራት አራቱንም ባንድ ጊዜ ነጠላ ያደርጋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የብሪታኒያ ተመራማሪዎች ሥራ እንዳሳየው፣ ይህ የመጀመሪያው ስብራት በብዙ ሕመምተኞች ላይ የደረሰው ገና በልጅነት ወይም በጉርምስና ዕድሜ ነው፤ ዕጢው የታየው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ይህን ሳነብ የተሰማኝን አልረሳውም፤ በስድሳ ዓመቱ ሽንቱ የቀላ ሰው የበሽታውን ዘር የያዘው ከብት ሲጠብቅ በነበረበት ዘመን ሊሆን ይችላል ማለት ነውና።

ቪኤችኤል ምን ይሠራል? ከዓባይ በረሃ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ወደ ጮቄ የሚወጣ ሰው ኦክስጅን እያነሰው ሲሄድ፣ በሕዋሳቱ ውስጥ ሂፍ የተባለ ፕሮቲን ይከማቻል፤ ሂፍም ቀይ የደም ሕዋስ እንዲበዛና አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል ያዛል። ኦክስጅኑ በቂ በሆነበት ቦታ ግን የቪኤችኤል ፕሮቲን ሂፍን እየያዘ እንዲወገድ ያደርገዋል። የዚህ አሠራር መገለጥ ለዊልያም ኬሊን፣ ለፒተር ራትክሊፍና ለግሬግ ሴመንዛ እ.ኤ.አ. የ2019ን የሕክምና ኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። ሁለቱም የቪኤችኤል ቅጂዎች የጠፉበት ሕዋስ አየር በሞላበት ቦታ ተቀምጦ እንደታፈነ ይቆጥረዋል፤ ሳያቋርጥ የደም ሥር ይጠራል። በማይክሮስኮፕ የምናየው የደም ሥር መረብ፣ በዓይን የምናየው የደም መፍሰስ፣ ብዙ ጊዜ ያለ ሕመም የሚመጣው ደም የቀላቀለ ሽንት ከዚሁ ጋር የተያያዙ ናቸው። ሱኒቲኒብና ፓዞፓኒብ የተባሉት መድኃኒቶች የዚህን የደም ሥር ጥሪ መልእክት ያቋርጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ የተፈቀደው ቤልዙቲፋን ደግሞ ሂፍን ራሱን ይይዛል። ክሊር ሴል ሆኖ ከጊዜ በኋላ የዘጠነኛው ክሮሞሶም አጭር ክንድ ወይም የ14ኛው ረጅም ክንድ ተጨማሪ ሆኖ ከጠፋ፣ በሽታው ይበልጥ ጠበኛ የመሆን ዝንባሌ አለው።

ሁለተኛው በብዛት የሚታየው ፓፒላሪ ነው፤ ሕዋሳቱ በቀጫጭን ጣት መሰል ቅርንጫፎች ላይ ተደርድረው ይበቅላሉ። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚታየው መጥፋት ሳይሆን መብዛት ነው። ሰባተኛውና 17ኛው ክሮሞሶሞች ከሁለት ይልቅ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ሆነው ይገኛሉ፤ በወንዶች ላይ ደግሞ የዋይ ክሮሞሶም ብዙ ጊዜ ይጠፋል። በሰባተኛው ክሮሞሶም ላይ ሜት የተባለ ሕዋስን ለእድገት የሚያነሣሣ ጂን አለ፤ ካቦዛንቲኒብ የተባለው መድኃኒት በተሠራጨ ፓፒላሪ ካንሰር ላይ ከሱኒቲኒብ የተሻለ ሆኖ የተገኘውም ሜትን ጭምር ስለሚይዝ እንደሆነ ይታሰባል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ከ15 ሚሊሜትር የማይበልጡ፣ ፓፒላሪ አዴኖማ የሚባሉ ጉዳት የሌላቸው ጥቃቅን ዕጢዎችም ይህንኑ የክሮሞሶም መብዛት ያሳያሉ፤ የዋይ መጥፋትም በዕድሜ በገፉ ጤነኛ ወንዶች ደም ውስጥ በብዛት ይታያል። ስለዚህ የክሮሞሶም ውጤት ከኅብረ ሕዋሱ ተነጥሎ ብቻውን ከተነበበ ጤነኛውን ሰው በሽተኛ ሊያደርገው ይችላል። የስልኩ ዘመድ የዘነጋው ይህን ነው።

አሁን ወጣቱ ይዞት ወደመጣው ስም እንምጣ። ክሮሞፎብ ከመቶ አምስት ያህሉን ይይዛል፤ የሚነሣው ከቱቦው የመጨረሻ ክፍል ነው። ሕዋሳቱ ሰፋፊ፣ ወፍራም ድንበር ያላቸው፣ ኑክለሳቸው እንደ ደረቀ ዘቢብ የተጨማደደ፣ በዙሪያውም ነጣ ያለ ቀለበት ያለው ነው። በክሮሞሶም ረገድ ግን ከሁሉም የሚያስገርመው ይህ ዕጢ ነው፤ 1ኛው፣ 2ኛው፣ 6ኛው፣ 10ኛው፣ 13ኛውና 17ኛው፣ ብዙ ጊዜም 21ኛው፣ ከየጥንዳቸው አንድ አንድ ሆነው ሙሉ በሙሉ ይጠፋሉ። ይህን ያህል የጎደለበት ሕዋስ እጅግ አደገኛ ይሆናል ብሎ ማሰብ የሚጠበቅ ነው፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚያ አስብ ነበር። እውነታው ግን በተቃራኒው ነው፤ ክሮሞፎብ ካልተሠራጨና ሳርኮማቶይድ የተባለው ክፉ መልክ ካልታየበት በቀር በአብዛኛው ከክሊር ሴል የተሻለ ተስፋ ያለው ነው። የጠፉት ክሮሞሶሞች ቁጥር የበሽታው ክፋት መለኪያ እንዳልሆነ፣ ዋናው ነገር የትኛው ክሮሞሶም በየትኛው ዓይነት ሕዋስ ውስጥ መጥፋቱ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ የለም።

የክሮሞፎብ መንትያ የሚመስለው ኦንኮሳይቶማ ነው፤ እሱ ካንሰር አይደለም። ሁለቱ በማይክሮስኮፕ ሥር አንዳንድ ጊዜ እስኪያደክሙ ድረስ ይመሳሰላሉ፤ በተለይ በመርፌ የተወሰደ እንደ ክር የቀጠነ ናሙና ላይ። አንዱን ስላይድ ጠዋት አይቼ ክሮሞፎብ፣ ከሰዓት በኋላ አይቼ ኦንኮሳይቶማ ያልኩበት ቀን አለ፤ በመካከል የቆመው ደግሞ የአንድ ሰው ኩላሊት ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ በመጀመሪያ የሚረዳን ሲኬ7 የተባለው የፕሮቲን ቀለም ነው፤ በክሮሞፎብ ላይ ሰፊ ሆኖ ሲይዝ፣ በኦንኮሳይቶማ ላይ እዚህም እዚያም በተበተኑ ጥቂት ሕዋሳት ላይ ብቻ ይይዛል። ይህም ካልለየ የክሮሞሶም ምርመራ ይፈርዳል። ኦንኮሳይቶማ ብዙውን ጊዜ ወይ ክሮሞሶሞቹ ጤነኛ ናቸው፣ ወይ 1ኛውና ዋይ ጠፍተዋል፣ ወይ 11ኛው ክሮሞሶም ተሰብሮ ቦታ ቀይሯል። አንደኛው ክሮሞሶም በሁለቱም ዕጢዎች ላይ ሊጠፋ ስለሚችል እሱን ብቻ መርምሮ መወሰን አይቻልም፤ 2ኛው፣ 6ኛው፣ 10ኛውና 17ኛው አብረው ጠፍተው ከተገኙ ግን ክሮሞፎብ ነው ለማለት ያስደፍራል።

በሕፃናትና በወጣቶች ላይ የሚታየው ሌላ ነው። ትራንስሎኬሽን ካንሰር በሚባለው ዓይነት ክሮሞሶሙ አይጠፋም፣ አይበዛም፤ ከኤክስ ክሮሞሶም አጭር ክንድ ላይ ቲኤፍኢ3 የተባለው ጂን ከሌላ ክሮሞሶም ቁራጭ ጋር ይጋጠማል፤ መልኩም ከክሊር ሴልና ከፓፒላሪ የተቀላቀለ ይመስላል። ይህንን ዓይነት በእርግጠኝነት ለመሰየም የክሮሞሶሙን መጋጠም ማሳየት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በወጣት ላይ ቅልቅል መልክ ያየ ባለሙያ ምርመራውን ሊጠይቅ ይገባል። ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየው የዊልምስ ዕጢ ደግሞ ፈጽሞ የተለየ በሽታ ነው፤ ከላይ ከተጻፈው ጋር መደባለቅ የለበትም።

ታዲያ ሁሉም ሕመምተኛ የክሮሞሶም ምርመራ ያስፈልገዋልን? አያስፈልገውም። አብዛኛው የኩላሊት ካንሰር በመደበኛው ቀለምና በጥቂት የፕሮቲን ቀለሞች ዓይነቱ ይታወቃል፤ ቀዶ ሕክምናም የክሮሞሶም ውጤት እስኪመጣ መዘግየት የለበትም። ምርመራው የሚያስፈልገው መልኩ ሲያመነታ፣ ሕመምተኛው ወጣት ሲሆን ወይም በዘር የሚወረስ በሽታ ሲጠረጠር ነው። አሠራሩም ሁለት ዓይነት መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። ክሮሞሶሞቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ለማየት ሕያው ሕዋስ ያስፈልጋል፤ ፎርማሊን የነካው ናሙና ለዚህ አይሆንም። ፊሽ የተባለው በሚያበሩ ነጠብጣቦች ክሮሞሶሞችን የሚፈልግ ምርመራ ግን በሰም ውስጥ በተቀመጠው ቁራጭ ላይ ከዓመታት በኋላም ሊሠራ ይችላል።

ለዚህ ነው ናሙናው ከመጀመሪያው በሚገባ መያዝ ያለበት። አንድ ጊዜ ሙሉ ኩላሊት አፉ በጠበበ ጀሪካን ተጠቅጥቆ፣ ፎርማሊኑ ግማሹን እንኳ ሳይሸፍነው ከሁለት ቀን ጉዞ በኋላ ደረሰን። ቢላዋ ሲገባበት ዳሩ ደርቋል፤ መሐሉ ግን ቀልጦ ሽታው ተለውጦ ነበር። ካንሰር መሆኑን ለመናገር ቻልን፤ ዓይነቱን ለመናገር አልቻልንም፤ ሕዋሱ የፈረሰበትን ናሙና ፊሽም አያድነውም። ፎርማሊኑ የናሙናውን አሥር እጥፍ ያህል መሆን አለበት፤ ትልቅ ኩላሊትም ፎርማሊን ወደ ውስጡ እንዲዘልቅ ተሰንጥቆ መግባት አለበት። ቤተሰብ ይህን መሥራት አይጠበቅበትም፤ ናሙናውን እንዲያደርስ ዕቃው ሲሰጠው ግን ክዳኑ ሰፊ፣ ፈሳሹም ናሙናውን የዋጠ መሆኑን አይቶ መጠየቅ ይችላል። የውጤቱን ወረቀትና የሰሙን ብሎክ ቁጥር ማስቀመጥም እንዲሁ የቤተሰብ ድርሻ ነው፤ ነገ ሌላ ሐኪም ሌላ ምርመራ ቢፈልግ አባትን እንደገና መውጋት ሳያስፈልግ ብሎኩ ይበቃልና።

ወጣቱን ይህን ያህል ካስረዳሁት በኋላ የአባቱን ስላይድ አውጥቼ አብረን አየን። የተጨማደዱትን ኑክለሶችና ነጣ ያለ ቀለበታቸውን አሳየሁት፤ ሲኬ7 በሰፊው የያዘ ስለነበረ የክሮሞሶም ምርመራ እንደማያስፈልገው ነገርኩት፤ ዕጢው ከኩላሊቱ ስላልወጣ የሚቀረው በየጊዜው በምስል መከታተል መሆኑንም። ለመሄድ ተነሥቶ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመና ከመጀመሪያው ጀምሮ ይዞት የነበረውን ጥያቄ አወጣ፦ «የእሳቸው ክሮሞሶም ከጠፋ፣ የእኔስ?»

በአባቱ ዕጢ ውስጥ የጠፉት ክሮሞሶሞች የጠፉት በዕጢው ሕዋሳት ውስጥ ብቻ እንደሆነ፣ እሱን የወለደው ዘር ውስጥ እንዳልጠፉ፣ ስለዚህም ወደ ልጅ እንደማይተላለፉ ነገርኩት። ከዚያም መጠየቅ ያለብኝን ጠየቅሁት፤ በፊታቸውና በአንገታቸው ላይ ጥቃቅን ነጫጭ እብጠቶች የበዙባቸው፣ ሳንባቸው ያለ አደጋ በድንገት አየር አምልጦት የታመመ፣ ወይም ኩላሊታቸው በዕጢ የተያዘ ሌሎች ዘመዶች አሉን? እነዚህ ምልክቶች በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ከተገኙ በርት-ሆግ-ዱቤ የተባለ፣ ክሮሞፎብን የሚያስከትል የሚወረስ በሽታ ይጠረጠራል። ጥቂት አሰበና በአባቱም በአያቱም ወገን እንዲህ ያለ ሰው እንደማያውቅ፣ ነገር ግን ታላቅ አክስቱ ዘንድ ደውሎ እንደሚጠይቅ ነገረኝ። ከአራት ቀን በኋላ ደወለልኝ፤ አክስቱም በዘር ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው እንደሌለ መናገራቸውን ነገረኝ።